ለሰኞ ይደርሳል

ከደጀን መናኸሪያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣
ከጎማ ጠጋኙ አጥር ተጠልሎ፣
የልየው ጋራዥ አለ፤ ጋራዥ ከተባለ፤
ሁለት ቆርቆሮ ነው፣ ባላ ላይ የዋለ።

የወረዳው ሞተር፣ ሰማያዊ፣ ያረጀች፣
ሦስት ባለሙያ ሸኝታ ለእኔ የደረሰች፣
እንደታመመች ላም በጎኗ ተኝታ፣
የኋላ ጎማዋን ለልየው ሰጥታ።

የክትባቱ ሣጥን በረዶው ይቀልጣል፤
ኩራር ታች ገበሬው ከብት አስሮ ይጠብቃል።
«ልየው፣ ቶሎ በለኛ!»
                    እሱ አይሰማኝም፤
ብርጭቆ ወረቀት ይዞ አይቸኩልም።
የፍሬኑን ሸራ ያሻል፣ ያራግፋል፤
ዓይኑን ጨፈን አርጎ በጥፍሩ ይሞክራል።

«የፊቱ ፍሬን» አለኝ «እንደ ዶሮ እንቁላል፤
ጨምድደሽ ከያዝሽው እጅሽ ላይ ይፈርሳል፤
ላላ ካደረግሽው ከጣትሽ ያመልጣል።
ኮረት ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ እንዳትይዢው በድንገት፤
የኋላው ይቅደመው፣ በእግርሽ ጫን በይበት።
ቤንዚን ልቆጥብ ብለሽ እንዳትወርጂ በባዶ፤
አባይ መልስ አይሰጥም አንዴ ሰው ወስዶ።
ሄልሜቱን ክርንሽ ላይ አንጠልጥለሽ አትሂጂ፤
ክርን አያስብም እኮ፤ ጭንቅላትሽን ጋርጂ።»

እኔ ሰዓቴን አያለሁ።
«በቃ፣ ይሠራል እኮ። ለሰኞ ይደርሳል።»

እጁ ቆመ።
ዘይት የጠጣ ጨርቅ አንስቶ
ጣቶቹን ጠረገ፤ ጠረገ፤ አልጠሩም።

ባላው ላይ ምስማር አለ። ምስማሩ ላይ ደግሞ
ግማሽ ጨረቃ ብረት ተንጠልጥሏል፣ ደክሞ፤
ሸራው የሽንኩርት ልጣጭ፣ ሊጠፋ የቀረበ፣
ከመሃሉ ብረቱ ወጥቶ የነጣ፣ የተላበ።

«የባይነሳኝ ነው፤ የኩራሩ መምህር።
ዓርብ ማታ መጣ። ብር አልነበረውም፤ ወሩ ገና ነበር።
‹ይደርሳል ወይ?› አለኝ።
አየሁት። በጥፍሬ ለካሁት።
እኔም ቸኩዬ ነበር፤ ሠርግ ነበረብኝ።
‹ለሰኞ ይደርሳል› አልኩት።

እሁድ ነው የሞተ።»

አንድ ሲኖትራክ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፤
አቧራው ለሁለታችንም እኩል እኩል መጣ።
ልየው ካርቶን ከፍቶ አዲስ ሸራ አወጣ።
ዋጋውን አልጠየቅኩም።
ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቅኔ ቤት ነበርኩኝ» አለ፣ ብሎን ሲያጠብቅ፤
«ሦስት ክረምት፤ ሳልጨርስ ወጣሁ።
አንዲት ነገር ብቻ አለችኝ፤ ግዕዙ አልሞላ ቢለኝ
ባማርኛ ቋጠርኳት፦

ፍሬን የያዘማ ዝቅ ይላል ቀስ ብሎ፤
ፍሬን ያልያዘ ነው የሚቆረጥ ቶሎ።

ዛፍ ነው ብለሽ ስሚ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ወረድኩ።
ሁለተኛ ማርሽ። ሞተሯ ታጉረመርማለች።
ሙቀቱ በየኩርባው አንድ ልብስ ያስወልቃል፤
ሄልሜቴ ውስጥ የራሴ ትንፋሽ ያወራኛል።
አንዱን ኩርባ ስዞር ኮረት ፈሷል፤ ከኮረቱ ማዶ
አህያ፤ ማሽላ ጭና፤ ነጂዋ የለ፤ መንገዱ ባዶ።

እግሬ ቀደመ።
ጣቶቼ (እንቁላል፣ እንቁላል) ቀስ አሉ።
የኋላ ጎማው ዋለለ። ተመለሰ።
ቆመች።

ከአህያዋ ጎን እስከ ፋናዬ አንድ ክንድ ቢሆን ነው።
ጆሮዋን እንኳ አላቀናችልኝም።
የጋለ ሸራ ሽታ ከሥሬ ተነሣ፣
እንደ ጎማ፣ እንደ ፀጉር፤
እንደዚያ የጣመኝ ሽታ አላውቅም።

ኩራር ስደርስ በረዶው ግማሹ ውሃ ሆኖ ነበር።
ስልሳ ሦስት ከብት ወጋሁ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር።
አዲሱ መምህር፣ አሉኝ፣ በእግሩ ነው የሚመጣ።

ሰኞ ቀሪውን ብር ይዤ ልየው ጋ ሄድኩ።
«ደረሰ?» አለኝ።
ባላውን አየሁት። ከምስማሩ አጠገብ ሌላ ምስማር መትቷል፤
የእኔን አሮጌ ሸራ ሰቅሎታል።
«ይሄኛው» አለ፣ ብሩን ሳይቆጥር ኪሱ እየከተተ፣
«ባለቤት አለው።»